መቁረጫ ነጥቡን ማን ቆረጠው?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ሐረጎ ላይ ሁልጊዜ ጆሮዬ ይደፈናል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ያን ያህል መውጣት ቀላል አይደለም። ባለፈው ነሐሴ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው እናት ግን ጆሮዋ ትዝ ያላትም አይመስልም። ጭኗ ላይ ያለውን የላስቲክ ፋይል ትከፍታለች፤ ትዘጋለች። የልጇ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የክልላዊ ፈተናው ውጤት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ። ሌላ ነገር የለውም። ከፍታ ስታየው ግን የሆነ ወረቀት የጎደለባት ትመስላለች።

«ወንድምዓለም፣ ትምህርት ቤት ነው የምትሠራው?» አለችኝ። እጄ ላይ የነበረውን የወረቀት ክምር አይታ መሰለኝ። አይ፣ የምጽፍ ሰው ነኝ አልኳት። ብዙም አላስደሰታትም። ታሪኳን ግን ነገረችኝ።

ልጇ ለአንድ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወዳድራለች። በክልላዊ ፈተናው ጥሩ ውጤት ስላላት የመግቢያ ፈተናውን እንድትቀመጥ ተፈቅዶላት ተፈትናለች። ከዚያ አንድ ቀን የስም ዝርዝር ተለጠፈ። ልጅቷ የለችበትም። ከእሷ ያነሰ የክልላዊ ውጤት ያለው የጎረቤት ልጅ ግን አለበት። እናቲቱ ማንንም አልከሰሰችም። ሌባ አላለችም፤ ዘመድ አላለችም። የፈለገችው አንድ ነገር ነው። «ነጥቡ ስንት ላይ ነው የተቆረጠው?» በር ላይ ጥበቃውን ጠየቀች። «ዝርዝሩ ላይ ከሌለች የለችም ማለት ነው» አላት። ቢሮ ገብታ ጠየቀች። «ከላይ ነው የመጣው» አሏት። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ልትጠይቅ እየሄደች ነው።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ «ከላይ» የሚባለው ቦታ ነው።

ከሁሉ በፊት ሰው ለምን እንዲህ እንደሚጨነቅ እንይ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነው። ኩረጃን ለማስቀረት ነበር። ውጤቱ ሲመጣ አገር ደነገጠ። ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ከ845 ሺህ ገደማ ተፈታኝ ያለፉት 27,267 ናቸው፤ 3.2 በመቶ። በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ልጅ እንኳን አላሳለፉም። ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች 43 በመቶው አካባቢ ነው። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ከፍ አለ ብለን ደስ ይበለን እንጂ፣ ከመቶ ልጅ ከ90 በላይ የሚሆኑት አሁንም በሩ ላይ ይቀራሉ።

ታዲያ በየዓመቱ ያስፈተኑትን በሙሉ አሳለፉ ተብለው ስማቸው የሚጠራው ጥቂት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ልዩ አዳሪዎቹ ጎልተው ይታያሉ። ወላጅ ሒሳብ ያውቃል። እዚያ የገባ ልጅ ያልፋል፣ ያልገባ ልጅ ዕጣው ነው ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ የ12ኛው ፈተና ጭንቀት አራት ዓመት ወደ ኋላ ተጎትቶ 8ኛ ክፍል ላይ አረፈ። 14 ዓመት ያልሞላት ልጅ ላይ።

እውነቱን ለመናገር ልዩ አዳሪ ይዘጋ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ጎበዝ የገበሬ ልጅ መኝታ፣ ምግብና ቤተ ሙከራ አግኝቶ ሲማር ማየት ደስ ይለኛል። ነገሩ አዲስም አይደለም። በንጉሡ ዘመን ጄኔራል ዊንጌትና በዕደ ማርያም የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዙን እየለቀሙ ወደ አዲስ አበባ ይወስዱ ነበር። ያኔ የወሎ ልጅ ደሴ ባለው በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት በኩል ነበር የሚያልፈው። የወይዘሮ ስኂንን ስም ስንጠራ ደሴዎች ደረታችን የሚነፋው ያለ ነገር አይደለም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። መምረጥ ካለ፣ የምርጫውን ሕግ ማን ይጽፈዋል? የት ይጻፋል? ጽሑፉንስ ማን ያነበዋል?

ሌላ አገር ይህን ጥያቄ በጣም በተለያየ መንገድ መልሰውታል። (ከዚህ በታች የውጭ አገር ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኒውዮርክን እንውሰድ። እዚያ ስታይቬሰንት፣ ብሮንክስ ሳይንስና ብሩክሊን ቴክ የሚባሉ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። ነፃ ናቸው። መግባት ግን የሚቻለው በፈተና ብቻ ነው። ይህ «ብቻ» የሚለው ቃል የተጻፈው ትምህርት ቢሮ ባወጣው መመሪያ አይደለም፤ የግዛቱ ምክር ቤት በ1971 ባወጣው ሕግ ነው። ሕጉ በሁለት የምክር ቤቱ አባላት ስም ሄክት-ካላንድራ ይባላል። ሦስቱን ትምህርት ቤቶች በስም ጠርቶ፣ ቅበላቸው በአንድ የውድድር ፈተና ብቻ ይሁን ይላል። የወጣበት ምክንያትም ይገርማል። በዚያን ጊዜ የከተማው የትምህርት ኃላፊ ፈተናው ለጥቁርና ለፖርቶሪኮ ልጆች ሚዛናዊ ነው ወይ ብሎ ሊያስጠና ነበር። የፈተናው ደጋፊዎች ጥናቱ ሳያልቅ ሮጠው በሕግ አስቆለፉት።

የዚህ ሕግ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከንቲባ ስልክ ደውሎ ልጅ አያስገባም። የትምህርት ኃላፊ የወንድሙን ልጅ አያስገባም። ነጥቡን ያመጣ ይገባል፤ ያላመጣ አይገባም። የምግብ ቤት አስተናጋጅና የታክሲ ሹፌር የሆኑ ስደተኛ ወላጆች ልጆች ስታይቬሰንትን የሞሉት በዚህ ምክንያት ነው። የሚኒባሷ እናት ይህን ብትሰማ «ይኸው! እንዲህ ነው እንጂ» ትል ነበር።

ጉዳቱም ግን እዚያው ሕግ ውስጥ ነው። በ2019 ስታይቬሰንት ቦታ ከሰጣቸው 895 ልጆች ጥቁሮቹ 7 ነበሩ። ሰባት። ልብ በሉ፣ በዚያች ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ናቸው። ከንቲባው ቢል ደ ብላሲዮ በ2018 ፈተናው ቀርቶ ከየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ይግቡ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ግን ከንቲባው በራሱ ሊቀይረው አይችልም። ሕጉ የግዛቱ ነው። ጉዳዩ ኦልባኒ ወደሚገኘው ምክር ቤት ሄደ። ድሆች የእስያ ዝርያ ያላቸው ወላጆች «የኛን ልጆች ላብ ልትነጥቁን ነው» ብለው ሰልፍ ወጡ። ሐሳቡ ሳያልፍ ቀረ። ሰባት ልጅ ብቻ መግባቱ ያስደነገጠው ከንቲባ ያን በር መክፈት አልቻለም። የተቆለፈ በር ሌባ አያስገባም፤ ግን ቁልፉ የጠፋበት ባለቤትም ውጭ ያድራል።

አንድ ነገር ግን ከዚያ ሕግ ልንሰርቅ ይገባናል። ሕጉ ራሱ ትንሽ ቀዳዳ ትቷል። ዲስከቨሪ ይሉታል። በጥቂት ነጥብ የወደቀ የድሃ ቤት ልጅ በክረምት የማካካሻ ትምህርት ወስዶ፣ ያንን ካለፈ ይገባል። ከተማው ከ2018 ወዲህ ለዚህ የሚሰጠውን ድርሻ ወደ 20 በመቶ አሳድጓል። በጥቂት ነጥብ የወደቀ ማለት ምን እንደሆነ የኛ ወላጅ ያውቀዋል። ችግሩ፣ በስንት ነጥብ እንደወደቀ የሚነግረው የለም።

እንግሊዝ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገች። ከ1944ቱ የትምህርት ሕግ በኋላ ልጆች 11 ዓመት ሲሞላቸው ይፈተኑ ነበር። ከአራቱ አንዱ ገደማ ግራመር ወደሚባለው የጎበዞች ትምህርት ቤት ይገባ ነበር፤ ሌላው ሌላ ቦታ ይመደባል። በ11 ዓመቱ «አንተ አትችልም» የተባለ ልጅ ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። በ1965 መንግሥት ይህ ይቅር ብሎ ለየአካባቢው አስተዳደር ሰርኩላር ላከ። ልብ በሉ፣ ሰርኩላር ነው። ትእዛዝ እንኳን አይደለም፤ ዕቅድ አቅርቡ የሚል ጥያቄ ነው። የፈለገ ቀየረ፣ ያልፈለገ ተኛበት። በ1976 በሕግ ሊያስገድዱ ሞከሩ። በ1979 የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ሲመጣ ያንን ሕግ ሻረው። እንዲህ ሲጓተት ቆይቶ በ1998 አዲስ ሕግ ወጣ። ያሉት ይኑሩ፣ አዲስ ግን አይከፈት አለ። ዛሬም 163 ግራመር ትምህርት ቤቶች አሉ። በ2016 ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ክልከላውን ላነሳ ነው ብለው ተነሡ። በዓመቱ ምርጫ ተደርጎ አብላጫ ድምፃቸውን ሲያጡ ነገሩ ተዳፈነ።

ከዚያ የ1998 ሕግ እኔን የሳበኝ ሌላ ቦታ ነው። ወላጆች ድምፅ ሰጥተው ያለውን ግራመር ትምህርት ቤት ሁሉን ያለ ፈተና ወደሚቀበል ትምህርት ቤት መቀየር ይችላሉ ይላል። ይህን ድምፅ እስከ ዛሬ የሞከረችው አንዲት ከተማ ናት፤ ሪፐን ትባላለች። በ2000 ድምፅ ሰጡ። ይቆይልን አሉ። ትልቁ ነገር የመረጡት አይመስለኝም። መጠየቃቸው ነው።

እዚህ ላይ ስለራሴ ትንሽ ልናገር። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ስሙ ይቅር። 9ኛ ክፍል ስንገባ ሴክሽን የተደለደልነው በውጤት ነበር። ማንም በግልጽ አልነገረንም፤ ግን ሁሉም ያውቃል። «ኤ» ላይ ጎበዞቹ። «ቢ» ላይ ተከታዮቹ። እኔ «ኤፍ» ነበርኩ። የሒሳቡ ጎበዝ መምህር ኤና ቢን ያስተምራል። እኛ ጋ የሚመጣው በዓመት ሦስት ጊዜ ተቀያየረ። በጥር አንድ ቀን ቾክ አልቆ መምህሩ «ከኤ ክፍል አምጡ» ብሎ ሲልከኝ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ፔሪዮዲክ ቴብል ተሰቅሏል። እኛ ክፍል የተሰቀለ ነገር ቢኖር የተሰበረ መስኮት ላይ የተወጠረ ማዳበሪያ ነው። ቾኩን ይዤ ወጣሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምጽፈው አሁን ነው።

ቻይና ይህንን በሕግ ከልክላለች። በ2006 በተሻሻለው የግዴታ ትምህርት ሕጓ፣ አንቀጽ 22፣ የመንግሥት አካላት ትምህርት ቤቶችን ዋናና ተራ ብለው እንዳይከፍሉ ይላል። ትምህርት ቤትም ውስጥ ዋናና ተራ ክፍል እንዳይኖር። እዚያ ይህ በተግባር ሙሉ በሙሉ ቀረ ወይ ብትሉ፣ ሰው ወደ ጥሩ ትምህርት ቤት ሰፈር ቤት ለመግዛት ይሻማል። ግን ቢያንስ አንድ ወላጅ ሕጉን አውጥቶ «ይኸው ተከልክሏል» ማለት ይችላል። ደቡብ ኮሪያም ከ1974 ጀምሮ፣ መጀመሪያ በሶልና በቡሳን፣ የሁለተኛ ደረጃ ምደባን ከፈተና ወደ ዕጣ ቀይራ ነበር። የፈተናው ትኩሳት ግን ወደ ማታ አስጠኚዎች ዞረ እንጂ አልሞተም።

ወደ ቤታችን እንመለስ።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ንዑስ 3 ላይ፣ ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት አላቸው ይላል። ልዩ አዳሪ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ነው። ታዲያ ለጥቂቶች ብቻ እንዴት ይሆናል? መልሱ፣ የመወዳደር ዕድሉ ለሁሉ እኩል ከሆነ ይሆናል ነው። አንቀጽ 35 ደግሞ ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ ይፈቅዳል። በአገራችን ለሴቶች ዝቅ ያለ መቁረጫ ነጥብ ሲያዝ የሚቆምበት መሬት ያ ነው። ስለዚህ ትልቁ ሕግ ችግር የለበትም። በ2017 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት አዋጅም ወጥቷል። አዋጅ ግን ማዕቀፍ ነው። ለኮምቦልቻዋ እናት የሚያስፈልጋት የመጨረሻው ወረቀት ነው። መመሪያው። ከዚያም በታች ያለችው ደብዳቤ።

መመሪያ የሚባለው ነገር እንደ ጉም ነው። እንደ ሐረጎ ጉም፤ ውስጡ ስትሆን ታያለህ፣ ከውጭ ስትሆን የለም። ይህን ለማስተካከል በፌዴራል ደረጃ አንድ ጥሩ ሕግ አለ፤ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012። ተቋማት መመሪያ ሲያወጡ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ያቅርቡ፣ የጸደቀውን ያስመዝግቡ፣ ድረ ገጽ ላይ ያውጡ ይላል። ያልተመዘገበና ያልወጣ መመሪያ አይሠራም። ቅር ያለው ሰው አቤት ማለት ይችላል፤ ፍርድ ቤትም መሄድ ይችላል። እንዴት ደስ የሚል ሕግ ነው! ስሙ ላይ ግን «የፌዴራል» የሚል ቃል አለ። ልጆቻችንን ከ8ኛ ወደ 9ኛ የሚያሳልፈው፣ የሚመድበው፣ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው የክልል መዋቅር ነው። የሚኒባሷ እናት አዋጁን ይዛ ብትሄድ ጥበቃው «እሱ የአዲስ አበባ ነው» ቢላት የተሳሳተ አይሆንም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ፈተናውን ራሱን በአዋጅ መቆለፍ የኒውዮርክን ስሕተት መድገም ነው። የፈተናው ይዘት፣ የክልላዊ ውጤት ስንት በመቶ ይያዝ፣ የመግቢያ ፈተናው ስንት በመቶ ይያዝ፣ ይህ ሁሉ በመመሪያ ይሁን፤ ሲበላሽ ይታረም። በሕግ መቆለፍ ያለበት ሌላው ነው። ማስታወቂያው ከፈተናው ስንት ወር በፊት ይውጣ። ስንት ቦታ አለ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለማን ነው። ውጤቱ ሲወጣ መቁረጫ ነጥቡ አብሮ ይለጠፍ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ነጥብ ይወቅ። ቅር ያለው በስንት ቀን፣ ለማን፣ በጽሑፍ ያመልክት፤ መልሱም በጽሑፍ ይሰጠው። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ኤ ፎር ወረቀትና ማጣበቂያ ነው።

«ስንቱ ለማን» የሚለው ግን ወረቀትና ማጣበቂያ አይበቃውም። ደም የሚያፈላው እሱ ነው።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚኖር ልጅና ገጠር ወግዲ ወረዳ የሚኖር ልጅ እኩል ይፈተናሉ እንበል። የደሴው ልጅ ማታ ማጠናከሪያ አለው። ስልክ አለው፤ ዩቲዩብ ላይ ሒሳብ ያያል። ቢሳሳት ታላቅ እኅቱ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ናት። የወግዲው ልጅ ፍየል አስገብቶ በኩራዝ ያነባል። በዚህ ላይ በክልላችን በ2015 መጨረሻ ከጀመረው ግጭት ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው በጥቅምትና በኅዳር 2014 በጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ የተሰበረ ወንበር የተለቀመበትን ጊዜ እናስታውሳለን። ዓመት ያጣ ልጅና ዓመት ያላጣ ልጅ አንድ ፈተና ላይ ሲቀመጡ፣ ፈተናው የሚለካው ጉብዝናን ብቻ አይደለም። የሰላምን ርቀትም ይለካል።

ቴክሳስ በ1997 ለዚህ የሚመስል ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲዎቿ ቀላል መልስ ሰጥታለች። ከእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመቶ አስር ውስጥ የወጣ ተማሪ በግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ይቀበሉት አለች። የሀብታም ሰፈር ትምህርት ቤት ይሁን የገጠር፣ ለሁሉም አስር በመቶ። ቦታው ስለሞላ በ2009 ሕጉን አሻሽለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ የሚቀበለውን 75 በመቶ ላይ እንዲገድብ ፈቀዱ። ሕግም ይታረማል ማለት ነው፤ ግን በአደባባይ።

ይህን ወደ ደቡብ ወሎ አምጡት። ከኩታበር፣ ከተንታ፣ ከመቅደላ፣ ከለጋምቦ፣ ከከለላ፣ ከወረባቦ፣ ከአምባሰል፣ ከየወረዳው አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በቀጥታ ይግቡ፤ የቀረው ቦታ ለሁሉም በውድድር ይሁን ብንል? ፒያሳ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ልጄ 90 አምጥቶ ቀርቶ፣ 75 ያመጣ ይግባ?» ይላል ወላጅ። ንዴቱ ይገባኛል። መልሴ፣ በሚያስተምረው መምህር ቁጥርና በመጽሐፉ ብዛት ካየነው ያ 75 ከባድ 75 ነው የሚል ነው። ሌላም አለ። የኛ ሰው ብልጥ ነው። ይህ ሕግ በወጣ በሳምንቱ የደሴ ልጆች አክስታቸው ዘንድ ተልከው ከለላ ይመዘገባሉ። ቴክሳስም ላይ ደካማ ወደሆነ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ነበሩ። ስለዚህ ቢያንስ 7ኛና 8ኛን እዚያው የተማረ የሚል መስመር ይጨመርበት።

የግል ትምህርት ቤት ተማሪስ? በየቡና ቤቱ የሚያጣላ ነው። አጭር አቋም አለኝ። ይወዳደር። የወረዳውን ኮታ ግን አይንካ።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚገቡት ነው። ስለማይገቡት ማንም አያወራም፤ እነሱ ግን ብዙኃኑ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና የሚመስል ጥናት አለ። ኢኮኖሚስቶቹ አብዱልቃድርኦሉ፣ አንግሪስትና ፓታክ በ2014 ያወጡት ነው። (አንግሪስት በኋላ በ2021 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ነው።) የቦስተንና የኒውዮርክን በፈተና የሚገባባቸው ትምህርት ቤቶች ወሰዱ። በጥቂት ነጥብ የገቡትንና በጥቂት ነጥብ የቀሩትን አነጻጸሩ። በኋላ ላይ የፈተና ውጤታቸው ብዙም አልተለያየም። ሉካስና ምቢቲ የኬንያን ብሔራዊ ትምህርት ቤቶች በተመሳሳይ መንገድ አይተው የተለየ አላገኙም። ትምህርት ቤቱ ጎበዝ ያደረጋቸው ሳይሆን፣ ጎበዞችን ስለመረጠ ጎበዝ የመሰለ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን ለሚኒባሷ እናት ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። ቦስተን ላይ ያልገባው ልጅ የሚመለሰው ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ወዳለው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። የኛ ልጅ የሚመለሰው 70 ሰው ወደተቀመጠበት ክፍል ነው። ኬንያ ትንሽ ትቀርበናለች፤ ቢሆንም የኛን ራሳችን መለካት አለብን። ለመለካት ደግሞ መቁረጫ ነጥቡ መታወቅ አለበት። ወደዚያው ተመለስን።

አንድ ነገር ግን ጥናት ሳያስፈልገኝ አውቃለሁ። ልዩ አዳሪ የሚወስደው ተማሪ ብቻ አይደለም፤ መምህርም ነው። ጎበዝ የፊዚክስ መምህር ወደ አዳሪው ሲዛወር፣ የቀድሞ ትምህርት ቤቱ ከነባዶ ወንበሩ ይቀራል። ከክፍሉም ጥያቄ የሚጠይቁት አምስት ልጆች ይሄዳሉ። አስተማሪ ወዳጄ እንዳለኝ፣ «ክፍሉ ዝም አለ። ተሳስቼ እንኳን የሚያርመኝ የለም።» ሕጉ ይህንንም መንካት አለበት ባይ ነኝ። አዳሪው የወሰደው መምህር ሌላ ሰው ሳይተካ አይለቀቅ። የአዳሪው ቤተ ሙከራ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ይከፈት። ይህ ቸርነት አይደለም። ገንዘቡ የሁሉም ስለሆነ ነው።

ደሴ ስንደርስ መናኸሪያ ላይ ተለያየን። ስልኬን ተቀበለችኝ። የምጽፍ ሰው ነኝ ማለቴ በሆነ መንገድ «ሰው የሚያውቅ ነኝ» ሆኖ ተሰምቷት ነበር።

መስከረም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደወለች። ልጅቷ ኮምቦልቻ 9ኛ ክፍል ጀምራለች። ሴክሽኗ «ዲ» ነው። ነጥቡን ነገሩሽ ወይ አልኳት። «ለሌላ ጊዜ ነይ አሉኝ» አለች። ከዚያ ታናሽየዋ ዘንድሮ 7ኛ መግባቷን ነገረችኝ። «እሷን ከአሁኑ ላዘጋጃት ብዬ ነው። ስንት ማምጣት አለባት?»

ሒሳብና እንግሊዝኛ ላይ እንድትበረታ ነገርኳት። ስንት የሚለውን አልመለስኩላትም።